አላልቅ ያለው ብርድ ልብስ

እሑድ፣ ጥቅምት 4 ቀን
ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለአንዲቷ ልጄ፣ ለሆዴ፤

እንዴት ነሽልኝ? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? ያ ሆድሽ ውስጥ የሚራገጠው ሰውዬስ? ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ከባድ ዕቃ አስነሳሽ ሲባል ከሰማሁ ግን ሰላምታዬን መልሼ እወስዳለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምልሽ እንደ ወጉ አይደለም፤ የእውነት ደኅና ነን፤ ጎረቤት ሳቃችሁ አላስተኛን አለ ብሎ በር እስኪያንኳኳ ድረስ።

ባለፈው ስትደውዪ ሁለት ውሸት ተነግሮሻል፤ ሁለቱንም የዋሸሽ አባትሽ ነው። ከኋላችን የሰማሽውን ሳቅ «ቴሌቪዥኑ ነው» አለሽ። ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ቆይቷል። ብርድ ልብሱ የት ደረሰ ብለሽ ስትጠይቂው ደግሞ «ተልኳል፣ መንገድ ላይ ነው» አለሽ። መንገድ ላይ አይደለም። ይኸው ስጽፍልሽ ጉልበቴ ላይ ነው፤ የተረፈው ወለሉን እየጠረገ ነው። ስለዚህ በዚያ ባበጠ እግርሽ ፖስታ ቤት እንዳትመላለሺ። ያ ሳቅም የአክስትሽ ነው። አዎ፣ የምድር ቤቷ አክስትሽ፣ የአባትሽ እህት፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ እኔ ቤት፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሁለቱ ካጠገቤ ስለማይለዩ ነው፤ አንድ ቃል ስናገር ሦስት ቦታ ያርሙኛል። አሁን አባትሽ ጋደም ብሏል፤ እሷም ገና አልመጣችም። ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እርጉዝ መሆንሽን የነገርሽኝ ዕለት፣ ገና ደስታዬን ሳልጨርስ ያልሽኝ ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «እማ፣ አንቺና አክስቴ እንደተኳረፋችሁ ልጄን ይዤ አልመጣም። ሦስተኛ ፎቅ ስለሳሙት ምድር ቤት የሚቀየሙበት ቤት አላመጣውም» አልሽኝ። ቀጥለሽም አንቺ ያለሽበት አገር ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ የሚሠሩት ባለ ብዙ ቀለም ብርድ ልብስ እንዳለ ነገርሽኝ፤ ፎቶውንም ላክሽ። «ሁለታችሁ አብራችሁ ይህን ሰፍታችሁ ላኩልኝ፣ በእሱ ጠቅልዬው እመጣለሁ። ካልሆነ በፎቶ ታዩታላችሁ።» ለአክስትሽም ይህንኑ ቃል በቃል እንዳልሻት አባትሽ ነግሮኛል።

ተናደድኩ። እናቱን እንዲህ የሚያስፈራራ ምን ዓይነት ልጅ ነው እያልኩ ሳጉረመርም ዋልኩ። ንዴቱ ሲወጣልኝ ግን «በፎቶ» ያልሽው ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሕፃን በፎቶ ምን ይደረጋል? አይታቀፍ፣ አንገቱ ሥር አይሸተት፣ ፊትሽ ላይ አያስነጥስ። ልጄ፣ የልጅ ልጄን ማቀፍ እፈልጋለሁ። ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም፤ ኩርፊያዬም ቢሆን አይበልጥብኝም። አባትሽን ጠራሁትና «ሂድና እህትህን ትሰፋ እንደሆነ ጠይቃት» አልኩት። ሄዶ መጣ። «መቀሷን እየሳለች ነው» አለኝ።

ለምን እንደተኳረፍን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺም ስትጠይቂኝ «እሷ ታውቀዋለች» እያልኩ አልፌሻለሁ፤ አባትሽንም እንደዚያው። አሁን ይውጣ። የሠርግ ልብስሽን ከአንገቱ እስከ ጫፉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሠርግሽ ዕለት ጠዋት የጀርባሽን ቁልፍ ስቆልፍልሽ ወገቡ ላይ የእኔ ያልሆነ ስፌት አየሁ። በእጅ የተሰፋ፣ ደቃቃ፣ ዓይን የማይይዘው። በዚህ ሕንፃ እንደዚያ የሚሰፋ እጅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምድር ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ሴት ዘገየሽ ስትባል ትችላለች፣ ዋጋ ሲከራከሯት ትችላለች፤ ስፌቷን ሲፈቱባት ግን አትችልም፤ ያውም የልጇን የሠርግ ልብስ፣ ያውም ሳይነግሯት። ያን ቀን በሰው ፊት ምንም አላልኩም። ከዚያም በኋላ ምንም አላልኩም። ምንም እንዳላልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኛ ሕንፃ ወረቀት አልነበረም፣ ሁለት ሞኝ ነበር።

እና ሥራው ሲጀመር መካከላችን የሚመላለስ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው አጥቶ ኮሪደሩን ሲለካ የከረመው አባትሽ እንደገና ሥራ አገኘ። ጨርቁንና ክሩን በፌስታል እያደረገ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ። በየፎቁ ሲደርስ «ወራጅ አለ?» ይላል፤ የእውነት የሚወርድ ሰው ያለ ይመስል ቆምም ይላል። እኔ ጋ ምሳውን ይበላና ይወርዳል፤ ታች ደግሞ ምንም እንዳልቀመሰ ሰው ይቀመጣል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ስለው፣ «እኔ መች ዛፍ ወጣሁ፣ ምሳ ነው የበላሁት» አለኝ። ብርድ ልብሱን ግን አላከበረልንም። ስሙን «ድሪቶ» አለው። «ለልጅ ልጄ ድሪቶ ልታለብሱት ነው?» እያለ ይቀልድብኛል፤ ቀለም ስመርጥ ግን ከጀርባዬ ቆሞ «ቢጫው ይሻላል» ሳይል አያልፍም።

ቁራጭ ጨርቅ እንደሆነ እኔ ዘንድ ሞልቷል። ከስፌት መኪናዬ ሥር ያለውን ትልቁን ካርቶን ታውቂው የለ? ልጅ ሆነሽ ገብተሽበት እንቅልፍ የሚወስድሽን? ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። የደንበኛዬ የመምህሯ ቢጫ ቀሚስ ትራፊ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ፣ የሚዜዎችሽ ሐምራዊ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ አበባ ያለበት፣ የማን እንደነበር የረሳሁት ብርቱካናማ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጀመርኩ። ደንበኛ እስኪመጣ አንድ፣ ካውያው እስኪግል አንድ፣ ሻይ እስኪፈላ አንድ። መጀመሪያ ላይ የምሰፋው በእልህ ነበር፤ መኪናውን ስረግጠው ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው ይለኝ ነበር። ውሎ ሲያድር ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ብርቱካናማውን ከሰማያዊው ጎን ሳስቀምጠው ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አስቢው እስቲ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልክ ስሰፋ ኖሬ፣ ማንም ያላዘዘኝን፣ የማንንም ወገብ ያልለካሁለትን ነገር ስሰፋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ እንቁላል መሮጥ ጀመረ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ፤ እንዳትስቂብኝ። መጠኑን በአባትሽ በኩል ልኬላት ነበር። «አራት ማዕዘን ይሁን፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር በላት» አልኩት። ናሙና ለምን አልላክሽላትም ትዪኝ ይሆናል። ናሙና መላክ እንደ ማናገር ሆኖ ታየኝ። በሴንቲ ሜትር ብናገር ደግሞ፣ ስንት ዘመን መጋረጃ ስትሰፋ የኖረችን ሴት አታውቂም ማለት ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት። አየሽ፣ ያኮረፍኳት እንኳ ክብሯን ጠብቄ ነው።

የእኔን እጅ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ገና ሲያየኝ «ይቺ እጅ ጎማ ትቀይራለች» ያለላት እጅ ናት። የአክስትሽ እጅ ደግሞ የሕፃን እጅ ነው። ሁለታችንም ድርሻችንን ስንጨርስ አባትሽ የእሷን ጥቅል ይዞ መጣ፤ ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ውብ ነበር፤ መካድ አልችልም። የሆቴል መጋረጃ ትራፊ ሁሉ አለበት፤ አረንጓዴ ከፈይ፣ ወርቅማ፣ የወይን ጠጅ ቀለም። ስፌቷን ገልብጬ አየሁት፤ የቱ ፊቱ የቱ ጀርባው እንደሆነ አይለይም። ቀናሁ። ከዚያ ከእኔ ጎን አስቀመጥኩት፤ እያንዳንዱ በሁለት ጣት ያንሳል። እያንዳንዱ! የእኔ ስንዝር ሌላ፣ የእሷ ስንዝር ሌላ። ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ በስንዝር መለካቴ!

ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ ግን ቆረጥኩ። «ሂድና ስንዝር አታውቂም ወይ በላት» አልኩት። ወረደ፣ ተመለሰ። «ስንዝር ስንዝር ነው፣ እሷ እጇን ታሳጥር ብላለች» አለኝ። «እጅ እንደ ጨርቅ አይቆረጥም በላት።» ወረደ፣ ተመለሰ። «ምላስም ቢሆን አለመቆረጡ ያሳዝናል ብላለች።» በስንተኛው ምልልስ እንደሆነ እንጃ፣ አባትሽ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው መሃል ተቀመጠና ሕንፃው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦ «አውቶቡሱ ተበላሽቷል! ከዚህ በኋላ መሄድ የሚፈልግ በእግሩ ይሂድ!»

እኔ ልወርድ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር ብልሽ አታምኚኝም፤ ግን እየፈለግኩ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። በሩን ሁለቴ አንኳኳች፤ መርፌዋ አንገትጌዋ ላይ ተሰክቷል፣ የመነጽሯ ማኅደር በእጇ ነው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባትሽም እያለከለከ ከኋላዋ ገባ።

«ወንድሜ፣ ጨርቁን ዘርጋልኝ» አለችው።

«ተዘርግቷል በላት» አልኩት።

በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም። አባትሽ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል፤ ከዚያ «ተዘርግቷል ትላለች» አላት፤ ምስኪን። አክስትሽ መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ የእሷንም የእኔንም አየች፣ በጣቷ ለካች፣ አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ትንሿን መቀስ አወጣችና ረድፉን መፍታት ጀመረች። የእኔን ረድፍ!

ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። «አንቺ የሰው ስፌት መፍታት ልማድሽ ነው!» አልኳት። በሦስት ዓመት ውስጥ ያናገርኳት የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

መቀሷ አየር ላይ ቀረ። አባትሽ ግን ግንባሩን ቋጠረ፤ መንገድ የጠፋበት ሹፌር ይመስል ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ስለ ሠርጉ ልብስ ነው የምታወሪው? ለእሱ ነው እንዴ የተኳረፋችሁት?»

«እሷን ጠይቃት» አልኩ።

«አልጠይቃትም! ልብሱን የወሰድኩላት እኔ ነኝ፤ በዚሁ ፌስታል። ልጅቷ ናት የላከችኝ።»

«የቷ ልጅ?»

«ስንት ልጅ አለን?»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ እመቤቴ! ለካ ሠርግሽ ሊደርስ ሲል ከጭንቀት የተነሳ ከስተሽ ኖሯል። ልክሽን የወሰድኩት ደግሞ ገና ድሮ ነው። ክፍልሽን ዘግተሽ ልብሱን ስትሞክሪው ወገቡ ላይ ሾልኮ ወረደብሽ። አባትሽን ጠርተሽ «እማ ዓይኗ እስኪቀላ የሰፋችውን ሰፋኝ ብዬ አላስከፋትም፤ ለአክስቴ ውሰድልኝ፣ ለማንም እንዳትነግሩ» አልሽው። እሱ ወሰደ፣ እሷ አጠበበች፣ አንቺ ለበስሽ። ሦስታችሁ ሆድ ይፍጀው ብላችሁ ተቀመጣችሁ። አባትሽም የኩርፊያው ምክንያት ያ ልብስ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አያውቅም፤ አክስትሽ ግን ከጠዋቱ ጠርጥራለች። ጀርባሽን ስቆልፍ እጄ ሲቆም አይታዋለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልጅ አደራ ብላኝ?» አለች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ደግሞ አንቺስ መች ጠየቅሽኝ።»

ልጄ፣ በአንዲት ቃል ልትገላገለኝ ስትችል፣ አንቺን አሳልፋ ላለመስጠት ይህን ሁሉ ጊዜ የእኔን የዞረ ፊት ችላ ተቀምጣለች። ዝም አይነቅዝም ሲባል እሰማ ነበር። አይነቅዝም፣ ግን ይከብዳል። እሷ ብቻዋን ተሸክማው ስትኖር እኔ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን አያለሁ። ላለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቄ መጣ። ሳቄን ስለቀው እሷም ለቀቀችው፤ ያ ሳቋን ታውቂው የለ፣ ጀማሪ እንደሚነዳው መኪና እየታነቀ የሚነሳውን። አባትሽ መሃላችን ቆሞ «ምኑ ነው የሚያስቀው? እኔ እኮ ጉልበቴን ጨርሻለሁ!» ቢል ጭራሽ ባሰብን። ኋላ ላይ ማን እያለቀሰ ማን እየሳቀ እንደሆነ አልለየሁም።

እና አንቺ ነሻ «ካልታረቃችሁ አልመጣም» ብለሽ ዳኛ ሆነሽ የተቀመጥሽው! አልተቆጣሁሽም፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ልብስ ቢሰፋ ይጠባል፤ ቢጠብ ይሰፋል፤ የእኛ ሥራ ይኸው ነው። ለወደፊቱ ሰፋኝ በዪኝ። የምከፋ ብመስልሽም በዪኝ።

የተለያየውን ስንዝር ምን አደረጋችሁት ትያለሽ። የእኔን አልቆረጥንም፣ የእሷንም አልጣልንም። የእሷ እያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያውን ቀይ ጥብጣብ ይሰፋበት አለች አክስትሽ፤ የጎደለውን ሁለት ጣት እሱ ይሞላዋል። የሚበቃ ቀይ ጨርቅ ግን አልነበረንም። አባትሽ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባና አንድ ጥቅል ይዞ ተመለሰ። ጡረታ ሲወጣ ለማስታወሻ ብሎ ያመጣው የአውቶቡሱ ቀይ መጋረጃ ነው፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። «በሉ ቁረጡት» አለና እስክንቆርጠው ፊቱን አዙሮ ቆመ። አሁን ብታዪው የእሷ ቁራጮች ሁሉ የበራ መስኮት መስለዋል። ሆን ብለን ያደረግነው ነው የሚመስለው። ሰው ሲያይ እኛም ሆን ብለን ነው እንላለን።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት ትመጣለች። እኔ በመኪና እገጣጥማለሁ፣ እሷ በእጇ ከገበሩ ጋር ትሰፋዋለች። የእሷን ስፌት ካላስተማርሽኝ ብዬ ጣቴን ስንቴ እንደወጋሁት አትጠይቂኝ። «ይሄ እጅ ለጎማ ነው የተፈጠረው» ትለኛለች፣ ወንድሟን እየጠቀሰች። መምህሯ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ቢጫውን ስታይ «ይሄማ የእኔ ቀሚስ ነው!» ብላ ጮኸች፤ አምሽታ ሄደች። አክስትሽ የአባትሽን የልጅነት ጉድ አንድ በአንድ ታወጣዋለች። ድመት ፈርቶ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተደበቀ፣ ተቆልፎበት ኖሮ በሩ በመጥረቢያ እንደተከፈተ ታውቂ ነበር? እሱ ይክዳል፤ ግን ሲክድ ጆሮው ይቀላል። ተበጣጥሶ የቀረው ወሬ ሁሉ እየተገጣጠመልኝ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ከሰዓት እስኪደርስ እንደ ልጅ እቁነጠነጣለሁ።

አሁን ለምን እንዳልተላከ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሕፃን ልክ ነበር። ጠቅልለሽው ትንሽ የሚተርፍ፣ ልክክ ያለ። አንድ ቀን አክስትሽ «በዚህ በኩል አንድ ረድፍ ብንጨምርለትስ፣ ልጅ እኮ ያድጋል» አለች። ልጅ አያድግም አይባል፤ ጨመርን። በማግሥቱ እኔ ሳየው በወዲያኛው በኩል አጠረብኝ። «እንዲህ ተንሻፎ ሰው አገር ይላካል?» አልኩ፤ ጨመርን። ከዚያ ጥግ ላይ ያለው አረንጓዴ ብቻውን ቀረ ተባለ፤ ጓደኛ ተሰፋለት። ጓደኛው ደግሞ ጎረቤት አስፈለገው። አባትሽ ትናንት አልጋችን ላይ ዘረጋውና ሥሩ ገባ፤ በግራም በቀኝም ወለል ሲነካ አይቶ ራሱን አወጣና «ልጅቷ ያረገዘችው አውቶቡስ ነው እንዴ?» አለን።

ባለፈው ሐሙስ እኔው ደፈርኩ። «እንግዲህ አለቀ እኮ» አልኩ።

«አዎ፣ አለቀ» አለች አክስትሽ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው። መርፌዋን አንገትጌዋ ላይ ሰካች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች፤ ጫማው እዚያው እግሯ ሥር ሆኖ፣ እኔም እያየሁት፣ ሳታገኘው ቆየች። ምድር ቤት ያለው ክፍሏ ከሰዓት ፀሐይ አይገባበትም። እኔም ቀና ብዬ የራሴን ክፍል አየሁት፤ ያ ሁሉ ቀለም ተጠቅልሎ ሲሄድ ምን ሊመስል እንደሚችል አየሁት።

«ይቺ ጥግ ግን» አልኩ፣ በጣቴ ያገኘሁትን ቦታ ነክቼ፤ «ይቺ ጥግ አልሳሳችም?»

አክስትሽ ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችም። «በጣም ሳስታለች እንጂ» አለችና መነጽሯን አወጣች።

እንግዲህ ችግሬን ተረጂልኝ። ብንጨርሰው አንቺ ትመጫለሽ፤ ካልጨረስነው እሷ ትመጣለች። እኔ ሁለታችሁንም እፈልጋለሁ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷም ለእኔ አልነገረችኝም፤ ሁለታችንም ስለ ጥግና ስለ ጠርዝ ብቻ ነው የምናወራው።

ፈጣሪ በሰላም ይገላግልሽ። ምጥሽን የመርፌ መውጊያ ያህል ያቅልልሽ። ልጅሽ ጥጋበኛ፣ ሳቂታ፣ እንቅልፋም ይሁንልሽ። የሰፋሽው አይተርተር፤ የያዝሽው አይላቀቅ፤ ቤትሽ ሰው አይጣ። ከእኔ የወሰድሽውን እልህ ለልጅሽ አታውርሺው፤ እጄን ግን ቢወርስ አልጠላም፣ ጎማ ይቀይርበታል።

ኮቴዋን ሰማሁ። ሁለተኛው ፎቅ ደርሳለች፤ እዚያ ሁልጊዜ ቆም ብላ ትተነፍሳለች። ዛሬ የጎደለ ነገር የማግኘቱ ተራ የእኔ ነው፤ እስካሁን ምንም አላገኘሁም፤ ብቻ በሩን እስክታንኳኳ አንድ ነገር አላጣም። ልጄ፣ ብርድ ልብሱን አትጠብቂ። ልጅሽን ባገኘሽው ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ሳያልቅ ነይ።

እናትሽ